ስልኩ ረዘመ እንጂ አልሰፋም

ደሴ ፒያሳ አንዱ ስልክ ቤት ጎራ ብላችሁ «ታብሌት አለ?» በሉ። ሻጩ ትልቅ ስልክ ያወጣላችኋል። «ታብሌት ምን ያደርግልሃል? ይሄ ሁለቱንም ይሠራል» ይላችኋል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው።

ልክ የሆነበትን ላስቀድም። ከሐርቡ እስከ መርሳ ልጁን ዓረብ አገር የላከ ቤት ብዙ ነው። የቤቱ ትልቁ ስልክም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያው ነው። እናት ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር ታስደግፍና ኢሞ ትከፍታለች። ሰላምታው ሳያልቅ «ከስተሻል እኮ!» ትላለች። በድሮዋ ትንሽ ስክሪን መክሳት መወፈሩ አይለይም ነበር። ለዚህ ለዚህ ትልቅ ስልክ ይባረክ።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ የተከበረ አልነበረም። የአይፎን ሠሪው የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2010 «ትልልቅ ስልክ ማንም አይገዛም» ብሎ ነበር። ያኔ የአይፎን ስክሪን 3.5 ኢንች ነው። በዓመቱ ሳምሰንግ ባለ 5.3 ኢንቹን ጋላክሲ ኖት አወጣ። ጆሮ ላይ ተለጥፎ ያየ ሁሉ ሳቀበት። በ2014 ግን አፕል ራሱ 5.5 ኢንች ይዞ መጣ። ዛሬ ርካሽ የሚባለው ቴክኖ እንኳ አብዛኛው ከ6.5 ኢንች በላይ ነው።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ነው። ስክሪኑ ወደ ላይ ብቻ ቢመዘዝም ኢንቹ ይጨምራል። ያ የተሳቀበት ኖት ወርዱ 83 ሚሊ ሜትር ነበር። የዛሬዎቹ ባለ 6.7 ኢንቾች አብዛኞቹ 80 እንኳ አይሞሉም። ለእጅና ለኪስ ጥሩ ነው። ለንባብ ግን ሌላ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክሱን በቴሌግራም በመጣ ፒዲኤፍ ያጠናል እንበል። ገጹ የተሰናዳው ለኤ4 ወረቀት ነው፣ ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር። የስልኩ ስክሪን ወርድ 7 ገደማ። ገጹ ሲሶ ሆኖ ይታያል፤ ፎንት 12 የነበረው ወደ 4 ይወርዳል። በአማርኛ ከሆነማ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ጭረት ትጠፋለች። በሁለት ጣት ያሰፋዋል። መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ወደ ግራ ይመልሳል፣ የቱ ጋ እንደነበር ይጠፋበታል። ስልኩን ቢያጋድመው ፊደሉ ይነበባል፣ ግን በአንዴ የሚያየው የገጹን ሲሶ ነው። ስሌቱ ላይ፣ ሥዕሉ ታች። ይሄን ታብሌት አልለውም።

ተጣጣፊ ስልክ አለ የሚል አይጠፋም። አለ። ሳምሰንግ በ2019 ሲዘረጋ 7.3 ኢንች የሚሆን አውጥቷል። ዋጋው ከኛ ኪስ ጋር አይተዋወቅም፣ እንለፈው።

ይልቅ ቀላሉ መፍትሔ በአስተማሪዎች እጅ ነው። ሀንዳውቱን በቴሌግራም ከላካችሁ አይቀር ለስልክ አሰናዱት። ገጹን ከኤ4 ወደ ኤ6፣ ፎንቱን ወደ 14 ቀይሩ። ያኔ ስክሪኑ ላይ 9 ገደማ ሆኖ ይነበባል። ሰፋፊ ሰንጠረዥ ትንሽ ያስቸግራል፣ ሌላው ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ተማሪው ኮምፒውተር ያለው ይመስል በሁለት ዓምድ የተሰናዳ ጽሑፍ መላክ ግን ይብቃን።

ወላጆችም አንድ ነገር አስቡ። ስልኩ ሁለቱንም ይሠራል ማለት ሲሄድ ሁለቱም ይሄዳሉ ማለት ነው። እናት ሰኞ ባቲ ገበያ ስትውል የልጁ መጽሐፍም ቦርሳዋ ውስጥ ባቲ ይውላል። ሁለት ሦስት ተማሪ ያለበት ቤት ስልኩን በትልቅ ከመቀየር ያገለገለ ባለ 10 ኢንች ታብሌት ፈልጎ ቤት ቢያስቀምጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የለም፣ ስልኩን ነው የምገዛው ካላችሁ፣ ሻጩ ካሜራውን ከፍቶ ፎቶ ሊያነሳችሁ ሲል አስቁሙት። የልጃችሁን መጽሐፍ ፒዲኤፍ አስከፍቱትና አንድ ገጽ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ፊቱን ካጠቆረባችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ። ደሴ የስልክ ቤት ችግር የለባትም።