የድሮው የአሜሪካ መኪና እውነት ጠንካራ ነበር?

አበሻ በተሰበሰበበት፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤትም ይሁን አሌክሳንድሪያ ልቅሶ ቤት፣ የመኪና ወሬ ከተነሳ ይህች ነገር ሳትባል አትቀርም፦ «የድሮ መኪና ብረት ነበር፤ የዛሬው ፕላስቲክ ነው።» የሚሉት ሰዎች ዝም ብለው የሚያወሩ አይደሉም። ብዙዎቹ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ታክሲና ሊሞ እየነዱ ልጅ ያስተማሩ፣ ቤት የገዙ፣ አገር ቤት ያለውን ዘመድ የደገፉ ናቸው። ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያንና ሊንከን ታውን ካርን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቋቸዋል። ቃላቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ጥንካሬው የቱ ላይ እንደነበረና ምን ተከፍሎበት እንደተገኘ አብሮ ካልተነገረ፣ ወሬው ልጆቻችንን ሊጎዳ የሚችል ወሬ ነው።

ለመሆኑ ድሮ ሲባል የትኛው ድሮ ነው? ኋላቸው ክንፍ ያለው፣ ኒኬላቸው የሚያብረቀርቅ የ1950ዎቹ መኪኖች ከሆኑ፣ ዕድሜያቸው አጭር ነበር። የብዙዎቹ ማይል ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ስለነበረው 99,999 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መቶ ሺህ ማይል የሞላ መኪና ሥራውን ጨርሷል ተብሎ ይታሰብ ነበርና ስድስተኛው አሃዝ አላስፈለገም። ኩባንያዎቹም በየዓመቱ መልኩን እየቀያየሩ ባለመኪናው ያምናው እንዲያስጠላው ይሠሩ ነበር። ላሜራው ወፍራም ቢሆንም ከዝገት የሚከላከልለት ነገር እምብዛም ስላልነበረ ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ በሩ ሥር ይበሳ ነበር። እሁድ እሁድ ለትርዒት ተደርድረው የምናያቸው ጋራዥ ውስጥ ተሸፍነው የኖሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት ቀልጠው ሌላ ብረት ከሆኑ ቆይተዋል። ዛሬ አሜሪካ መንገድ ላይ ያለው መኪና አማካይ ዕድሜ ከ12 ዓመት በላይ ነው። ፕላስቲክ የምንለው ነው እንግዲህ ይህን ያህል የሚኖረው።

ወፍራም ብረት ነፍስ ያድናል የሚለውን እምነት በተመለከተ ደግሞ በ2009 የተደረገ አንድ ሙከራ አለ። የአሜሪካ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ያቋቋሙት የመንገድ ደህንነት ተቋም 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር የ1959 ሼቭሮሌት ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌት ማሊቡ ጋር አጋጨ። ሁለቱም በሰዓት 40 ማይል፣ ማለትም ወደ 64 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ፊት ለፊት፣ በሾፌሩ በኩል ባለው ግማሽ ተጋጩ። ቤል ኤሩ የሾፌሩ ክፍል ራሱ ተጨፈለቀ፤ ጣሪያው ታጠፈ፣ ዳሽቦርዱና መሪው ወደ ወንበሩ መጡ። በሾፌሩ ወንበር ላይ በነበረው የሙከራ አሻንጉሊት ቦታ ሰው ቢቀመጥ ኖሮ እዚያው ይሞት ነበር። የማሊቡ ፊቱ እንዳልነበረ ሆነ፣ ሾፌሩ የተቀመጠበት ክፍል ግን ቅርጹን አልለቀቀም፤ ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ቀላል ጉዳት ደርሶበት ይወጣ ነበር። የአዲሱ መኪና ፊት የሚጨማደደው የግጭቱን ኃይል ራሱ እንዲውጥ ሆን ተብሎ ስለተሠራ ነው። የድሮው ግን ኃይሉን ሳይቀንስ ወደ ሰውዬው ደረት ያሳልፈዋል። ቪዲዮውን ላላየ ሰው ሁሉ እንዲያየው እለምናለሁ፤ በተለይ ልጁ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ «ጠንካራ ነው» ብሎ አሮጌ መኪና ሊገዛለት ያሰበ ወላጅ።

የሾፌሮቻችን ድሮ ግን ሌላ ድሮ ነው፤ እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ክራውን ቪክቶሪያና ታውን ካር የተሠሩበት መሠረት በ1979 ሞዴል ተጀምሮ፣ በመጨረሻ ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ በሴንት ቶማስ ፋብሪካ እስከ መስከረም 2011 ድረስ ሲመረት ኖረ። እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከም የብረት አጥንት አለው፤ ቦዲው በመካከል ላስቲክ ገብቶለት ከላይ በቡሎን ይታሰራል። ሞተሩ ፊት፣ የሚገፋው የኋላ እግር። ክራውን ቪክቶሪያ ከ1992 ሞዴል ጀምሮ የገባለት ባለ 4.6 ሊትር ቪ8 ሞተር ሰፊና ረጋ ያለ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ቢውል አይጨነቅም። ፖሊሶችና ባለታክሲዎች ያለምክንያት አልወደዱትም። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ዘሎ ይወጣና ሻንሲው ሳይጣመም ይወርዳል። ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ቢመታ ቡሎን ፈትቶ ከተፈታ ፖሊስ መኪና የወጣ ሌላ መግጠም ነው። እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየው አንድ ሾፌር ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አሳይቶኛል፤ ከሞተሩ አናት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጧል። «እየው፣ እጅህ ይገባል። ጥቂት ቡሎን ነው። ቡና እስኪፈላ እቀይረዋለሁ» አለኝ። የዛሬውን መኪና ዲናሞ ለመድረስ ስንት ነገር እንደሚፈታ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ይኸው ሞተር ግን ብረት ብቻ አልነበረም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2001 በወጡት ብዙዎቹ ላይ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲክ የተመረጠው ስለሚቀልና ርካሽ ስለሆነ ነው። ችግሩ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃም ፊት ለፊት በዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ያልፋል። ሲሞቅና ሲበርድ፣ ሲሞቅና ሲበርድ ከርሞ ልክ ከዲናሞው ሥር ይሰነጠቃል። አንድ ጠዋት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ላይ አረንጓዴ ውሃ ጠብ ሲል ታያለህ፤ ሳታየው ወደ ደለስ ኤርፖርት ከወጣህ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ይጣመማል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ፎርድ ለባለመኪኖቹ ዋስትናውን አራዝሟል፤ በኋላ የመጣው ማኒፎልድም ውሃው የሚያልፍበት የፊት ክፍል አሉሚኒየም ሆነ። የማይሰበር በተባለ መኪና ላይ ደካማው ቦታ ይህ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው የቤንዚን ታንኩ ነው። ከኋላ አክሰሉ (የኋላ ጎማዎቹን ከያዘው ዘንግ) በስተጀርባ ቆሞ ስለሚቀመጥ ከኋላ በከባድ ፍጥነት ሲመታ የመቀደድ አደጋ ነበረበት። አውራ ጎዳና ዳር ሰው አስቁመው ሳለ ከኋላ ተገጭተው በእሳት የሞቱ ፖሊሶች አሉ። በ2002 ፎርድ ለፖሊስ መኪኖቹ የታንክ መከላከያ ለመግጠም የተስማማው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው።

ነዳጅ ደግሞ የሾፌሩን ኪስ በየቀኑ የሚያራግፍ ነገር ነበር። የመጨረሻዎቹ ክራውን ቪክቶሪያዎች ከተማ ውስጥ በጋሎን 16 ማይል ገደማ ይሄዳሉ፤ በእኛ አለካክ ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ሊትር መሆኑ ነው። በዚያው ዘመን የወጣው ቶዮታ ፕሪየስ በጋሎን ወደ 50 ይሄዳል። በቀን 100 ማይል ለሚነዳ ሰው አንደኛው ስድስት ጋሎን ሲጠጣ ሌላኛው በሁለት ጋሎን ይውላል። በ2008 ሰኔና ሐምሌ ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የዲሲ ታክሲ ዋጋ በከተማ ዞን ከሚታሰብበት ሒሳብ ወደ ሜትር (የጉዞ ቆጣሪ) በዞረበት ጊዜ፣ ያ ልዩነት የቤት ኪራይ ነበር። ብዙዎቹ የሚወዱትን መኪና እየተሰናበቱ ፕሪየስና ካምሪ ሃይብሪድ የገዙት ልባቸው ሳይፈቅድ ነው።

አገር ቤት ያለውን ሳስበው ነገሩ ይገለጥልኛል። እዚህ ጉልበት ውድ ነው፣ ዕቃ ርካሽ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ውድ ነው፣ ጉልበት ርካሽ። በዚህ አካባቢ ጋራዥ በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ስለሚያስከፍል መካኒኩ ዲናሞ አይፈታም፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ይከታል። አዲስ አበባ ግን ዲናሞው ይፈታል፣ ካርቦኑ ይቀየራል፣ ሽቦው እንደገና ይጠነጠናል። ዕቃው የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ካልተገኘ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ይሠራል። ዲኤክስ ኮሮላና ቮልስ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩት ጃፓንና ጀርመን በደንብ ስለሠሯቸው ብቻ አይደለም። የሚፈቱ መኪኖች ስለነበሩና የሚፈታቸው እጅ ስላለ ነው። እዚህ ኢንሹራንስ የጥገናውን ሒሳብ ከመኪናው ዋጋ ጋር አስተያይቶ «ቶታል» ይላል፣ ሞተሩ ገና ሕይወት እያለው መኪናው ወደ ብረት ክምር ይሄዳል። እዚያ ያገለገለ መኪና ዋጋው ስለማይወርድ የሚጣል መኪና የለም።

እርግጥ አሟሟታቸውም ይለያያል። እዚህ ከላይ የሚያምር መኪና ሥሩ በበረዶ ጨው ተበልቶ ሻንሲው በመዶሻ ሲነካ እንደ ቂጣ ይፈረከሳል፤ የፍሬን ቧንቧው ዝጎ ድንገት ይፈነዳል። አዲስ አበባ ጨው የለም፣ መንገዱ ግን ንዝረት የሚውጡትን ጉሚኒና አሞርዛተር ይጨርሳል።

አሁን አገር ቤት ሌላ ምዕራፍ ገብታለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም የሚጠቅም ሐሳብ ነው፣ እደግፈዋለሁ። የሚያሳስበኝ ያ የሚፈታ እጅ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በቶርኖ አይሠራም፣ ኮምፒውተሩም የሻጩን ሶፍትዌር ይጠይቃል። አስመጪዎቹ የጥገና መመሪያውንና መመርመሪያ መሣሪያውን ለሰፈር ጋራዦች እንዲሰጡ በሕግ ካልተገደዱ፣ እዚህ ያየሁት መኪናን ከነሕይወቱ የመጣል ልማድ መጣያ ገንዘብ ለሌለው ሕዝብ ይተርፋል።

እዚህ ሆኖ ከፖሊስ ጨረታ የወጣ ክራውን ቪክቶሪያ በርካሽ አግኝቻለሁ ብሎ ለሚጠይቀኝ ወገን ግን የምለው ይህን ነው። መጀመሪያ ሊፍት ላይ አሰቅለህ ሻንሲውንና የፍሬን ቧንቧውን እይ፤ የዛገ ከሆነ ሞተሩን ሳታስነሳ ሂድ። የማኒፎልዱ ፊት አሉሚኒየም መሆኑን አረጋግጥ። የታንኩ መከላከያ መኖሩን ጠይቅ። ለሥራ ከሆነ የቤንዚኑን ሒሳብ በወረቀት አስላ። ልጆችህን በየቀኑ ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ የምታመላልስበት ከሆነ ግን አትግዛው፤ በዚያው ገንዘብ ትንሽ ጨምረህ ከጎንም ኤርባግ ያለው፣ ፊቱ ተጨማዶ አንተን የሚያተርፍ አነስተኛ መኪና ፈልግ።