ለማርጀት የሚቀባ ቤት

ባለቤቴ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ «እየው፣ አያምርም?» ስትለኝ ያየሁት አደጋ የደረሰበት መንደር ነበር። ግድግዳው ተላልጧል፣ ጣራው ዝጓል፣ መስኮቱ ተንጋዷል፤ አንዱ ቤት ከሻይ ብርጭቆ አይበልጥም። «ምን ደረሰባቸው?» አልኳት። ምንም አልደረሰባቸውም። ፈረንጆቹ ለገና ጌጥ ብለው እነዚህን ቤቶች በአዲስ እንጨት ይሠራሉ፣ በአዲስ ቀለም ይቀባሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ያስረጇቸዋል። የገጠር ለዛ እንዲኖራቸው ነው።

እኔ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ ቀለም ካየ ዘመን በተቆጠረ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ እርጅና በነጻ ይገኛል። አራት ዓመት ሙሉ አከራያችንን «እትዬ፣ ኧረ ይህ ግድግዳ» እያልኩ ስለምን ኖሬ፣ ግድግዳው እንዲላላጥለት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ስመለከት የተሰማኝን ስሜት ለመግለጽ አልሞክርም። ባለቤቴ ግን ወስናለች። ልጆቹም ወስነዋል። ቡሩሽ ግዛ ተባልኩ።

ሥራው መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። በተለይ ጣራው። የዘይት ካርቶን ላይ እርጥብ ጨርቅ አሳርፋችሁ ጥቂት ከቆያችሁ በኋላ የላይኛውን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ስትልጡት፣ ከሥሩ ቦይ ቦይ ያለ ቆርቆሮ ቁጭ ይላል። ግራጫ ቀለም ይቀባል። ዝገቱ ደግሞ የቡና አተላ ነው፤ በፀሐይ አድርቆ፣ ከኮላ ጋር ለውሶ፣ በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ማድረግ። ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣ የሐረር ቡና ነውና የእኛ ዝገት ሽታው ሰው ይጠራል። ጎረቤት «ቡና ወጣ?» እያለ ሦስት ጊዜ መጥቷል።

የግድግዳው ዘዴ ረቀቅ ይላል። መጀመሪያ ቡናማ ይቀባል። ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን በሻማ ማሸት ነው። በላዩ ነጭ ቀለም፤ እርሱም ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ። ሻማ የነካው ቦታ ነጩን ስለማይዝ ይላቀቅና ከሥሩ ቡናማው ብቅ ይላል፤ መቶ ዓመት የኖረ ቤት መሰለላችሁ ማለት ነው። የእኛን ሳሎን የቀባው ሠራተኛ ያለ ምንም ሻማ በሁለት ክረምት ይህንኑ ውጤት ማምጣቱን ሳስብ ባለሙያነቱን ዘግይቼ አከበርኩለት።

ጥፋቱ የመጣው ከእኔ አፍ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጬ ስቀባ ጎረቤቶች ከበቡኝ። ገና እኛ ዘንድ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን፣ ጠዋት ዶሮ ነው፤ የካርቶን መንደር ምን ቤት ነው ብለው ጠየቁ። አዋቂ መስዬ አስረዳሁ። የአሲሲው ፍራንሲስ የሚባል መነኩሴ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1223 ግሬቾ በምትባል የጣሊያን መንደር ግርግም አሰናድቶ እውነተኛ በሬና አህያ አቆመ፤ ኋላ የናፖሊ ከተማ ሰዎች ነገሩን አሰፉትና በግርግሙ ዙሪያ የራሳቸውን ገበያ፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ዓሣ ሻጩን፣ የሰፈራቸውን ሰው ሁሉ አስገቡበት አልኳቸው። «የሰፈራቸውን ሰው?» አለ አንዱ። በዚያች ቅጽበት ቤተልሔም ገንደ ቆሬ ሆነች።

መጀመሪያ የመጡት የእድራችን ዳኛ ናቸው። ድንኳኑ እንዲገባ፣ ከተቻለም ከበረቱ ከፍ እንዲል ፈለጉ። ቀጥለው ሱቃቸውን ያዩት ሐጂ ተቆጡ። «በሬን ለምን ዘጋህብኝ? ሰው የከሰርኩ ይመስለዋል።» «ሐጂ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነው» አልኳቸው። ወዲያው ረኩ። በስምንት ሰዓት ድሬ ላይ ክፍት ሱቅ የሚያሳይ ሥዕል ውሸት መሆኑን እኔም እርሳቸውም እናውቃለን። ትንሹ ልጄ ግን «አባዬ፣ ጌታ የተወለደው በሌሊት ነው» ብሎ ሊያጋልጠኝ ነበርና ካራሜላ አጎረስኩት።

ጡረታ የወጡት የምድር ባቡር ሰው ሲመጡ ደግሞ ጣቢያው የት አለ ተባለ። ልክ ናቸው፤ ይህች ከተማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ሐዲዱ ስለደረሰ የተወለደች ናት፤ ጣቢያ የሌላት ድሬ እናት የሌላት ልጅ ናት። ሠራሁ። ቀለሙ ላይ ግን ተያዝን። እኔ ቢጫ አልኩ። «ኖን!» አሉ፣ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ። ክሬም ነው። ሐጂ ነጭ ነው አሉ። የእድሩ ዳኛ ስብሰባ እንጥራ አሉ። ሁላችንም ዕድሜያችንን ሙሉ በደጁ ያለፍን ሰዎች ነን። ሄዶ ማየት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ማንም አልሄደም። ሄዶ የሚያይ ሰው ክርክሩን የተሸነፈ ይመስላል።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ከሁሉም አንድ ሰው እንኳ ቤቱን አርጅቶ ማየት አልፈለገም። «የእኔን አትፈግፍግብኝ» ይላል እያንዳንዱ። አጥሩ በማዳበሪያ ጆንያ የተጣፈው ጎረቤቴ በካርቶኑ መንደር የብረት በር፣ ያውም አረንጓዴ፣ አዘዘ። ባለቤቴ «ኧረ ለዛው ጠፋ!» እያለች ታለቅሳለች።

በዚህ መሃል ታኅሣሥ 19 ደረሰና የቁልቢ እንግዶች ከአዲስ አበባ ወረዱ። ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ሆነ። መንደሩ በሙሉ ፍሪጅ አናት ላይ ተሰደደ፤ ለበረዶ ያነጠፍነውን ጥጥ አንዷ አክስት ለጆሮዋ ወሰደችው። አልተቆጣሁም፤ በድሬ ምድር በረዶ መሥራት መጀመሪያውኑ ድፍረት ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ አከራያችን መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ፍሪጁ ሥር ቆሙና ቤታቸውን ለዩት። የሳሎኑን ስንጥቅ እንኳ በእርሳስ አስገብቼ ነበር፤ በሥራዬ ሁሉ እጅግ የኮራሁባት ቤት እርሷ ናት።

«ይህ የእኔ ቤት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንዲህ ሆኖ ነው ሰው የሚያየው?»

ዝም አልኩ። አራት ዓመት የጠበቅኳት ሰዓት የደረሰች መሰለኝ። ተመልሰው ወጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ በጣሳ ነጭ ቀለምና አንድ ቡሩሽ ይዘው ገቡ። ልቤ ዘለለ። ወንበር አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ቤቲቱን አውርድልኝ አሉ፤ አወረድኩ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ያችን የሻይ ብርጭቆ የምታክል ቤት ሁለት እጅ ቀቧት። ስንጥቁ ጠፋ። ቡሩሹን በጥንቃቄ አጥበው፣ የተረፈውን ቀለም ይዘው ሄዱ።

ገና ካለፈ በኋላ የሳሎኑን ግድግዳ ነገር እንደገና አነሳሁባቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው፤ «ለበዓል ቀባሁልህ አይደል እንዴ?»