እርማት፦ የደንገል ታንኳ ውሃ ስለገባት አትሰምጥም

ወንድሜ፣ «የጣና ታንኳ ወለሏ ከራሰ አለቀላት፤ ለአሳ ማስገር የሚታመነው የጣውላ ጀልባ ብቻ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ልክ ግን አይደለም።

የጣውላ ጀልባ የምትንሳፈፈው ሆዷ ውስጥ አየር ስላለ ነው። ተሰንጥቃ ውሃ ከሞላት ጉድ ፈላ! ታንኳ ግን ሆድ የላትም፤ የታሰረ የደንገል፣ ማለትም የፓፒረስ ሸምበቆ፣ ነዶ ናት። የሚያንሳፍፋት በየአገዳው ውስጥ ያለው፣ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረው ልብ ነው። ውሃ ከስር ሰርጎ መቀመጫህን ቢያርስህ ያለ ነው። አስጋሪው ተጨማሪ የደንገል እስር አንጥፎ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው።

ያንተ ስጋት ጨርሶ ከመሬት አልተነሳም። ደንገል ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣል። ታንኳዋ ትከብዳለች፣ ዝቅ ትላለች። ከስራ በኋላ ጎትተው አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቋት ወደው አይደለም። እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ በወራት ነው የሚቆጠረው፤ የጣውላዋ ግን በዓመታት።

ማወዳደር ካማረህ እንግዲህ በዚህ አወዳድር። ከበድ ላለ ጭነት እኔም ጣውላዋን እመርጣለሁ። ዳር ዳሩን መረብ ለሚጥል ሰው ግን ታንኳ ሚስማር አትል፣ ሬንጅ አትል። ደንገሉ እዚያው ሐይቁ ዳር ይበቅላል፤ መቅዘፊያዋም አንድ ሽመል ነው።