እርማት፦ ኤሪስን ከሞት የሚያስነሳ ስውር ተልእኮ የለም

በደሴ ፒያሳ ጌም ቤቶች ሲወራ የኖረውን፣ «ፋይናል ፋንታሲ 7 በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ስውር ተልእኮዎችን የጨረሰ ተጫዋች የሞተችውን ገጸ ባሕርይ ኤሪስን ያስነሳታል» የሚለውን ወሬ እርስዎም እንደ እውነት ስለጻፉት ላርመው እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ጨዋታ እንዲህ ያለ መንገድ የለም፤ ኤሪስ ከሦስቱ ዲስኮች በመጀመሪያው መጨረሻ ላይ በዋናው ክፉ ገጸ ባሕርይ በሴፊሮት ተገድላ ትቀራለች።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሣም። ዘግይቶ ሚድጋር በተባለችው የጨዋታው ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ተጫዋች ምስሏን ለቅጽበት ያያል፤ በማጭበርበሪያ ኮድም ወደ ቡድኑ ማስገባት ይቻላል፤ ይህ ግን የታሪኩን ሂደት አይለውጥም። «ፊኒክስ ዳውን» የተባለው ዕቃም (ክርክሩ ሁሉ የሚጀምረው ከእርሱ ነው) በውጊያ የወደቀን ከማንቃት አያልፍም።

ከሁሉ በላይ ወሬው የሚጋጨው ደራሲዎቹ አስቀድመው ከዘሩት ፍንጭ ጋር ነው። ኤሪስ ገና በመጀመሪያው ክፍል ከእናቷ የወረሰችው ማተሪያ (የአስማት ድንጋይ) ምንም እንደማይሠራ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለክላውድ ስትነግረው፣ ተጫዋቹ እንደ ተራ ጭውውት ሰምቶ ያልፈዋል፤ በኋላ ግን ጥቁሩ ማተሪያ ሜቴዎር የተባለውን አጥፊ አስማት እንደሚጠራ ሲገለጥ፣ ያ ከንቱ የመሰለው ነጭ ማተሪያ ሜቴዎርን ሊመክት የሚችለውን ሆሊ የተባለ አስማት የሚጠራ ሆኖ ይገኛል። ኤሪስ የተገደለችው ሆሊን ለመጥራት በጸሎት ላይ ሳለች ነው፤ ጸሎቷ ደርሶ ሆሊ ቢጠራም፣ እስከ ፍጻሜው አግዶ የያዘው ሴፊሮት ነው።