እጃችሁ ይባረክ የሺት ጌቶች

ሐምሌ 1 ሲጠባ ሌላው ስራ ይጀምራል አሉ፣ እኛ ጎንደሮች ግን የሰለጠንን ስለሆንን መጀመሪያ የበጀት ዓመቱን እቅድ የምንሞላበትን ሺት (የኮምፒውተር ሰንጠረዥ) እንከፍታለን። ግብ፣ ዋና ተግባር፣ መለኪያ፣ ክብደት፣ መነሻ፣ ዒላማ፣ ፈጻሚ... ኮለሙ ብቻ ከፒያሳ ተነስቶ አዘዞ ይገባል። እንዴት ያምራል በናታችሁ! አርዕስቱ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ብሎ ግማሽ ቀን የሚሟገት ቲም ደሞ ቀላል ቲም እንዳይመስላችሁ።

በርግጥ ከዜሮ አንጀምርም፣ የአምናውን ኮፒ አርገን 2017ን 2018 እንላለን፣ አንዱ ጥግ ላይ 2016 ተረስታ ብትቀር ቅርስ ነች፣ ማን ይነካታል።

ክብደት ላይማ አንደራደርም፣ ድምሩ 100 መምጣት አለበት። 97 ከመጣ ሦስቷን መልካም አስተዳደር ላይ ጣል ነው፣ እዛ የማይገባ ነገር የለም። መነሻው ባዶ፣ ዒላማው 100%። ከምን ተነስተን ነው 100 የምንደርሰው ያለ ሰው እንደ ጨለምተኛ ይታያል፣ ልክ ነው፣ ይታይ። ፈጻሚ የሚለው ላይ ደሞ «ሁሉም ባለሙያ»። ወይ ፍቅር! ማንም ተነጥሎ እንዳይወቀስ እኮ ነው።

ካፕላንና ኖርተን የሚባሉ አሜሪካኖች በ1992 (እ.ኤ.አ.) ቢኤስሲን (የመስሪያ ቤት እቅድና አፈጻጸም መመዘኛ ዘዴውን) ሲያመጡ ብር ብቻ አትቁጠሩ፣ ተገልጋዩን፣ የውስጥ አሰራሩንና መማማሩንም እዩ ነበር ያሉት። እኛ አራቱንም አራት ሺት አርገን አሻሻልንላቸው፣ ተገልጋዩ ኮሪደር ላይ ወንበር ሲፈልግ እኛ ውስጥ ሆነን የእርካታውን ኮለም እናሰፋለን።

የግማሽ ዓመቱ ግምገማ ጥር ላይ ይወድቃል፣ ጥር ደሞ ጥምቀት ነው፣ ከተማው ሙሉ ፋሲል መዋኛ ወርዶ ማን ሺት ይከፍታል? «በሂደት ላይ» ተብሎ ቢጫ ይቀባል፣ አለቀ።

ጥበቡ ግን ሰኔ ላይ ነው። 12 ስልጠና ብለን 4 ከሰጠን ዒላማዋን 4 እናረጋታለን፣ አፈጻጸም 100%፣ አረንጓዴ! አንዱ ነገረኛ ግን ሺቱ ማን መቼ ምን እንደነካ መዝግቦ ይይዛል ብሎ አስደነገጠን፣ እኛም ፋይሉን አውርደን በአዲስ ስም ጫንነው። አዲሱ ሊንክ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አለ፣ ባትከፍቱትም «ታይቷል» በሉ።