ሰው መሀል መሆን ብቻውን አይበቃም

ስለ አረጋውያን መርጃ ማዕከላት የወጣው ጽሑፍ «ማዕከል የገቡ አረጋውያን ሰው መሀል ስለሆኑ ብቸኝነት አያውቃቸውም» ማለቱ ፈጽሞ አልተዋጠልኝም። አክስቴ ከቢቸና ገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ባለ መርጃ ነው የሚኖሩት፤ አልጋና ምግብ አልጎደለባቸውም፣ ተንከባካቢዎቹም ደጎች ናቸው። ግን እኚህ ሴት በየወሩ በ12 የሚካኤል ማኅበር የሚጠጡ፣ ተራቸው ሲደርስ ጌሾ ወቅጠው ጠላ የሚጠምቁ ሰው ነበሩ። አሁን 12 ሲሆን ነጠላቸውን አጣፍተው በር በሩን ያያሉ። አጠገባቸው የተኙት እናት ከሌላ ወረዳ ናቸው፤ አንስተው የሚያሙትም የሚያመሰግኑትም የጋራ ሰው የላቸውም። ከጽሑፉ ሥር በሰጠሽው አስተያየት «ማዕከል የሚገቡት ልጆቻቸው ጥለዋቸው ነው» ያልሽው እህቴ፣ ሁሌ እንደዚያ አይደለም። አክስቴ ልጅ አልወለዱም፤ የናፈቋቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በጤፍ አጨዳ ወቅት እንኳን ከተማ ሊመጡ ገበያም አይወጡ። ስልክ እንዳንል ጆሯቸው ከብዷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው 1ዱ በብቸኝነት ይጠቃል ብሏል፣ ስለዚህ ይሄ የጤና ጉዳይ ነው። ማዕከላቱ ሰው ሲቀበሉ የሚወስዱትን መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ማኅበራቸውን፣ እድራቸውንና የንስሐ አባታቸውንም ይጠይቁ፤ ማኅበርተኞቹም ጽዋውን ይዘው እዚያው ግቢ መጥተው እንዲጠጡ ይፍቀዱላቸው።