ምጣዱ ሦስቱንም ኪሎ ይፈልጋል

ግንፍሌ አካባቢ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። እንጀራ እየጋገረች እየሸጠች ነው ልጆቿን የምታስተምረው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ምጣዷን ትሰካለች። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ጠዋት ሁሉም ሲሰካ ኃይሉ ይደክማላ! ምጣዱ ካልሰማ ደግሞ እንጀራው ዓይን አያወጣም" አለችኝ።

ስለ ዝቅተኛ ካርቦን ኃይል፣ ማለትም የአየር ንብረትን የሚያዛባ ጋዝ ብዙ ስለማይለቅ ኃይል፣ ምርምር ሲወራ መጀመሪያ የምትመጣብኝ እሷ ናት። እኛ ቶሎ የሚታየን ግድቡ ነው። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ደስ ይላል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመጣ በማመንጨቱ በኩል ብዙ ካርቦን የለብንም። ጭሱ ያለው ማዕድ ቤት ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ምርምሩ መግባት ያለበት በግድቡና በምጣዱ መሃል ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ምጣዱን ገልብጣችሁ እዩት። ስፋቱ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሸክላ ነው፣ ከሥሩ ቦይ ቦይ ተቆፍሮ ሽቦ ይጠመጠምበትና በጀሶ ይደፈናል። ሸክላ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ስለዚህ እስኪሰማ ድረስ ቆጣሪው ይሮጣል፣ የሙቀቱም አንድ ክፍል ወደ ታች ይባክናል። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የሆነው አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ያ ማለት ባንዴ የሚችለው 1,900 እንኳ የማይሞላ ምጣድ ነው። አንድ ሰፈር በዓል ዋዜማ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሸከም አስቡት።

ይህን ማን ይፈታዋል? የሸክላውን ነገር የሚያውቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎው ሳይንስ ግቢ ነው። መስመሩና ትራንስፎርመሩ የአምስት ኪሎው ቴክኖሎጂ ግቢ ሥራ ነው። ማን መቼ ይጋግራል፣ ታሪፉስ ማንን ይጎዳል የሚለውን ደግሞ ስድስት ኪሎ ያሉት የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ሰዎች ይመልሱታል። ሦስቱም አንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ሦስቱም አንድ መንገድ ላይ ናቸው፣ በእግር ቢኬድ እንኳ ሩቅ አይደለም። አንድ የማስተርስ ተማሪ ግን አንዱ ግቢ ውስጥ ብቻውን ለክቶ፣ ጽፎ፣ ተከላክሎ ይመረቃል፣ ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ያሳዝነኛል። ለአንድ ምጣድ ሦስት አማካሪ ከሦስቱም ኪሎ ቢመደብለት ምን ችግር አለው?

ከውጭ ጋር መሥራትም ጥሩ ነው፣ ጥያቄው የኛ ከሆነ። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ትሮንድሃይም ካለው የኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በፀሐይ ሙቀት እንጀራ ስለመጋገር ሠርቷል፤ የፀሐዩን ሙቀት በቀለጠ ጨው ውስጥ አስቀምጦ ኋላ ለምጣዱ መስጠት ነው ሐሳቡ። እዚያ ላይ ጥያቄው ከኛ ማዕድ ቤት ወጣ፣ ላቦራቶሪው ግን የሁለቱም ነበር። እንደዚያ ካልሆነ ገንዘቡን ያመጣው ወገን ጥያቄውንም ይዞ ይመጣል፣ እኛ መረጃ ሰብሳቢ ሆነን እንቀራለን።

ጋጋሪዎቹም መጠይቅ ሞልተው ብቻ መሸኘት የለባቸውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይቀመጡ። ምጣድ ሲሰማና ሳይሰማ በእጅ የሚለዩት እነሱ ናቸው፣ ከዚያ የተሻለ ፈታኝ ከየት ይመጣል?

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርኳት። ሊጥ እያፈሰሰች ዝም ብላ ሰማችኝ፣ አክምባሎውን ከደነችና "እሺ፣ ሲሞክሩ የሚበላሸውን ሊጥ ማን ይከፍለኛል?" አለች። ልክ ናት፣ ጤፍ ውድ ነው። ለመሣሪያና ለጉዞ በጀት ሲያዝ ለሊጡም ይያዝ።